ሁለት ምርጫ ኮርስ ብቻ፦ የትምህርት አመራር ማስተርስ የተማራችሁ እስቲ ምከሩኝ

የምንጃር_ዳይሬክተር (ሰኞ ማታ)

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ምንጃር ሸንኮራ ውስጥ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ። በክረምት መርሃ ግብር የትምህርት አመራር ሁለተኛ ዲግሪ እየተማርኩ ነው። ይሄ ሁለተኛ ክረምቴ ነው። ዋና ዋናዎቹን ኮርሶች ጨርሰናል። አሁን ሁለት ምርጫ ኮርስ ያዙ ተባልን። ቦርድ ላይ የተለጠፉት አምስት ናቸው። ጾታና አመራር፣ አካታች ትምህርት፣ የትምህርት ፋይናንስና ዕቅድ፣ ብዝኃነትና ግጭት አፈታት፣ የፖሊሲ ትንተና። እስከ ዓርብ መወሰን አለብን።

የመመረቂያ ጽሑፌን ፍትሐዊነት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ቃሉ ትልቅ ስለሆነ አይደለም። መስከረም ላይ ያስመዘገብኳቸው ልጆች ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይመናመኑብኛል። የጤፍ አጨዳና ውቂያ ጊዜ ነው። ግን ሁሉም እኩል አይቀሩም። መሬት ያለው ሰው ልጅ አንድ ሁለት ሳምንት ቀርቶ ይመለሳል። የቀን ሠራተኛው ልጅ አባቱን ተከትሎ ይሄድና በዚያው ይጠፋል። ሴቶቹ ደግሞ በገበያ ቀን እየቀሩ፣ እየቀሩ፣ ሰባተኛ ክፍል ላይ ጭራሽ ይቀራሉ። እኔ ይሄን ሁሉ "መጠነ ማቋረጥ" ብዬ አንድ ቁጥር አድርጌ ለወረዳ እልካለሁ። ያቺ አንድ ቁጥር ታበሳጨኛለች።

ሲኒየሮቻችን "ጾታን ያዝ፣ ቀላል ኤ ነው" ይሉኛል። ሌላው "ፖሊሲ ያዝ፣ ስሙ ትራንስክሪፕት ላይ ያምራል" ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

---

ፈታ_በል (ሰኞ ማታ)

ወንድሜ፣ ግሬድ የሚሰጠውን ውሰድና ቶሎ ውጣ። ሰው የሚቀረው ቴሲስ ላይ ነው እንጂ ምርጫ ኮርስ ላይ አይደለም። ድምር ውጤትህ ከ3.00 ከወረደ ፍትሐዊነት አያድንህም።

---

ምክትሏ (ሰኞ ማታ)

"ቀላል ኤ" የምትለዋ ነገር ደሜን ታፈላዋለች። ግን ለጠያቂው ስል ልመልስ።

አዲስ አበባ ውስጥ ምክትል ርዕሰ መምህርት ነኝ። ጾታና አመራርን የዛሬ ሦስት ዓመት ወስጃለሁ። ስሾም መምህራን ማረፊያ ውስጥ መጀመሪያ የሰማሁት ቃል "በኮታ ነው" የሚል ነበር። እኔም ራሴ ግማሽ አምኜበት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ኮርሱ ላይ ሕጉን ቁጭ ብለን አነበብነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ሴቶች ከወረሱት የልዩነት ታሪክ የተነሳ የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ የመሆን መብት አላቸው ይላል። ያኔ ይሠራበት የነበረው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 ደግሞ ውድድር ላይ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካመጡ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች አባላት ቅድሚያ ይሰጥ ይል ነበር። "ተቀራራቢ ነጥብ" የምትለዋን ልብ በሉ። ያልቻለችውን አምጥታችሁ አስቀምጡ የሚል የለም። ከዚያ በኋላ ስታፍ ውስጥ ያ ወሬ ሲነሳ አንቀጹን እየጠቀስኩ ነው የምመልሰው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን አሳይመንቱን ነው። መምህሯ ሰዓት ይዛችሁ የራሳችሁን መሥሪያ ቤት ስብሰባ መዝግቡ አለችን። ማን ስንት ደቂቃ ተናገረ? ሐሳቡን ማን ተቀበለው? ቃለ ጉባዔ ማን ያዘ? እኛ ጋ ከመምህራኑ ከግማሽ በላዩ ሴቶች ናቸው። 1 ሰዓት ከ20 በፈጀ ስብሰባ ሴቶች የተናገሩት 9 ደቂቃ ነው። ከዘጠኙ አራቱ ስለ ሻይ ክበብ። ቃለ ጉባዔ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ለአንተ ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ይጠቅማል። የጾታ ምጥጥን፣ ማለትም የሴቶች ተሳትፎ ለወንዶች ተሳትፎ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ 0.97 እና 1.03 መካከል ከሆነ እኩል ተደርሷል ይባላል። ግን አስበው፣ ወንዱም ሴቷም እኩል ከቀሩብህ ምጥጥኑ 1 ይሆንልሃል። ሪፖርቱ ያምራል፣ ክፍሉ ባዶ ነው። ቁጥሩን በክፍል ደረጃ ለይተህ ካላየኸው ሰባተኛ ክፍል ላይ የምትጠፋዋ ልጅ አንደኛ ክፍል በሚገቡት ብዛት ትሸፈናለች።

---

ጋሽ_ቾክ (ማክሰኞ ጠዋት)

ልጄ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ በዕቅድና በጀት ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ምክሬ አጭር ነው፣ ፋይናንስን ያዝ። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

ሰው ሁሉ ፋይናንስ ሲባል የሒሳብ ሠራተኛ ሥራ ይመስለዋል። ደረሰኝ፣ ሞዴል 19፣ ሞዴል 22። እሱ አይደለም። ፍትሐዊነት በአገራችን ትምህርት ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚበላሸው በጀት ሲከፋፈል ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ማንም ክፉ ሰው የለም። ቀመር ብቻ ነው ያለው።

የትምህርት ቤት ድጎማን ውሰድ። የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሲተገበር ድጎማው በተማሪ ቁጥር እየተሰላ ለትምህርት ቤቶች ይወርድ ነበር። እኩል ነው አይደል? ለምሳሌ ያህል በተማሪ 100 ብር እንበል። ከተማ ያለው 900 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት 90,000 ብር ያገኛል። ቆላ ያለው 140 ተማሪ ያለው 14,000 ያገኛል። አሁን የሁለቱም ጣሪያ ያፈስሳል። ቆርቆሮው ለቆላው ሲሆን የአህያ ጭነት ይጨመርበታል። መጽሐፍ ከወረዳ የሚያስመጣው በራሱ ወጪ ነው። ጠመኔና መዝገቡን ሲገዛ ብሩ አለቀ። ሁሉም ልጅ 100፣ 100 ብር ደርሶታል፣ ማንም አልተበደለም። ግን ተበድሏል።

ይሄ ትንሹ ነው። ትልቁ ደመወዝ ነው። የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው የሚሄደው ለደመወዝ ነው። መምህር ሲቆይ ደመወዙ ያድጋል። ሲቆይ ደግሞ በዝውውር ነጥብ ያገኝና ወደ ከተማ ይጠጋል። ስለዚህ ነባሩ፣ ደመወዙ ከፍ ያለው መምህር ከተማ ይከማቻል። ገጠሩ በየዓመቱ አዲስ ምሩቅ ይቀበላል፣ ያለማምዳል፣ ይሸኛል። በተማሪ የሚወጣውን ብር አስላው ብትባል መንግሥት ለከተማው ልጅ የበለጠ እያወጣ ታገኘዋለህ። ያንን ማንም አልወሰነም። ማንም አልፈረመበትም። እኔ ራሴ ስንት ዓመት በጀት ስደለድል ይሄን አላሰላሁትም ነበር። ያሰላሁት የአንድ ተማሪ ቴሲስ እንድገመግም ተሰጥቶኝ ነው፣ ያውም ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ።

ሦስተኛው የሕዝብ መዋጮ ነው። የኅብረተሰብ ተሳትፎ ብለን እናመሰግናለን። ሀብታሙ ቀበሌ አራት ክፍል ይሠራል፣ ይጨበጨብለታል። ድሃው ቀበሌ አልተሳተፈም ተብሎ ይገሠጻል። በዓመቱ መጨረሻ ዋንጫ የሚወስደው ማን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ።

የፕሮግራሙ ቀጣይ ምዕራፍ በ2010 ዓ.ም. ሲጀመር "ፍትሐዊነት" የሚለው ቃል ስሙ ውስጥ ገባ። እንደ አፋር፣ ሶማሌና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ያሉት ክልሎች ለብቻቸው እንዲታዩም ተደረገ። ለምን እንደገባ የሚገባህ ቀመሩን ካወቅኸው ነው።

---

የምንጃር_ዳይሬክተር (ማክሰኞ ጠዋት)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የዝውውሩ ነገር አፈዘዘኝ። እኔ ጋ ባለፉት አራት ዓመታት ስድስት የሒሳብ መምህር ተቀያይሯል። ሁሌ የማስበው የመምህራኑ ፍላጎት ማጣት አድርጌ ነበር።

ምክትሏ፣ አንቺንም አመሰግናለሁ። "ቀላል ኤ" ያልኩት የነሱን አባባል ነው፣ እንዳትቀየሚኝ። ዛሬ የእኛን ስብሰባ ለመመዝገብ አሰብኩና ትንሽ ፈራሁ።

---

ምክትሏ (ማክሰኞ ቀን)

ፍራ። ጥሩ ነው።

---

የብሬል_ጣት (ማክሰኞ ማታ)

ዓይነ ስውር መምህር ነኝ። የማነበውም የምጽፈውም በስልኬ ድምፅ አንባቢ ነው። ስለ አካታች ትምህርት እስካሁን ማንም ስላልተናገረ ልግባበት።

ኮርሱን ወስጄዋለሁ። በሰዎች ፊት "አሪፍ ነው" ማለት ይጠበቅብኝ ይሆናል። አልልም። አብዛኛውን ጊዜ የጉዳት ዓይነቶችን ስንሸመድድ ከረምን። የመስማት፣ የማየት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ትርጉም፣ መንስዔ፣ ምልክት። ልክ እንደ በሽታ ዝርዝር። ሀንድአውቱ ተጣሞ ከተነሳ ፎቶ የተሠራ ፒዲኤፍ ነበር። ስልኬ አንድ ቃል ሊያነብልኝ አልቻለም። የአካታች ትምህርት ሀንድአውት! ጓደኛዬ በድምፅ እየቀዳ ይልክልኝ ነበር፣ እድሜ ይስጠው። ክላሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አብራን የምትማር ዊልቸር የምትጠቀም መምህርት ነበረች። ክፍሉ ምድር ቤት እስኪቀየር አምስት ሳምንት ፈጀ። የክረምት ትምህርት ስንት ሳምንት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሕጉ ግን አለ። የሕንፃ አዋጅ 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ አመቺ መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። ያ ኮርስ ርዕሰ መምህራንን ሰብስቦ "እዚህ ሕንፃ ውስጥ ዞራችሁ ስንት በር አዋጁን እንደሚጥስ ቁጠሩ" ቢል ኖሮ በአንድ ከሰዓት የሚማሩት በዛ ነበር።

ስለዚህ ምክሬ፣ ስሙን አይተህ አትምረጥ። የኮርስ አውትላይኑን ጠይቅ። ዓላማውን አታንብብ፣ ዓላማ ሁሉም ጋ ያምራል። ግምገማው ላይ ሂድ። ፈተናው "ትርጉም ጻፍ" ከሆነ ተወው። የራስህን ትምህርት ቤት አጥንተህ እንድታቀርብ የሚያደርግ ከሆነ ያዘው። አካታች ትምህርት በዚህ መንገድ የሚሰጥ ከሆነ ከሁሉም አስቀድመው እላለሁ። እኔ በልጅነቴ ትምህርት የገባሁት አጎቴ ሰበታ መርሃ ዕውራን ትምህርት ቤት መኖሩን ከመንገደኛ ሰምቶ ስለነገረን ነው። ያ መንገደኛ ባይነግረውስ? አንተ ቀበሌ ውስጥ ያልተመዘገበው ልጅ "አቋረጠ" ተብሎ እንኳን አይቆጠርም። መዝገብህ ላይ ስሙ የለማ።

---

የምንጃር_ዳይሬክተር (ማክሰኞ ማታ)

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ ወንድሜ። መጠነ ማቋረጥ የሚሰላው ከተመዘገቡት ነው። ያልተመዘገቡትን ማን ያሰላቸዋል?

---

የብሬል_ጣት (ማክሰኞ ማታ)

ጎረቤት።

---

ዝምታው (ረቡዕ ጠዋት)

ስለ ብዝኃነትና ግጭት አፈታት ልናገር። ወስጄዋለሁ። የሁላችንም አስተዳደግ፣ ቋንቋና ሃይማኖት የተለያየ ነበር። ጊዜውም ከባድ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ላይ ማንም አልተናገረም። ቡድን ውይይት ሲባል ሁሉም "መቻቻል ያስፈልጋል" ብሎ ጽፎ ያስረክባል። መምህራችን ብልህ ሰው ነው። አራተኛው ሳምንት ላይ የራሳችንን ጉዳይ ተወውና የደቡብ አፍሪካን የእውነትና እርቅ ኮሚሽን አመጣ። ምሕረት የጠየቀ ገዳይ ምን ይደረግ? እውነቱን ከተናገረ ይፈታ? የተጎጂ እናት ምን ትበል? ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ጩኸት ሆነ። ስለ ደቡብ አፍሪካ እየተከራከርን ሁላችንም ስለ ምን እንደምናወራ እናውቅ ነበር።

መምህሩ እንዲህ ያለ ከሆነ ውሰደው። "ብዝኃነት ውበት ነው" ብሎ የሚጀምር ከሆነ ግን ሩጥ።

---

ፈታ_በል (ረቡዕ ጠዋት)

መቻቻል ያስፈልጋል ብዬ ቢ ፕላስ ያገኘሁት እኔ ነኝ።

---

ቲጂ_ሜሪላንድ (ረቡዕ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። እዚህ የሕዝብ አስተዳደር ማስተርስ በማታ ነው የጨረስኩት። ቀን እሠራ ነበር። አሠሪዬ ነው የከፈለልኝ። እዚህ አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ለትምህርት ቢከፍልልህ ታክስ አይቆረጥበትም። የማታውቁ የዚህ አገር ልጆች ካላችሁ መሥሪያ ቤታችሁን ጠይቁ። ከጉዳዩ ወጣሁ መሰለኝ።

የኛ ትምህርት ክፍል ውስጥም ይሄው ክርክር ነበር። ፍትሐዊነት ራሱን የቻለ ኮርስ ይሁን ወይስ ሁሉም ኮርስ ውስጥ ይግባ? ጉዳዩ እዚህ አገር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1968 ወጣት የሕዝብ አስተዳደር ምሁራን ሚኖብሩክ በሚባል ቦታ ተሰበሰቡ። ከተሞቹ በረብሻ እየተቃጠሉ ነው፣ ቬትናም አለ። እነሱ የሚያስተምሩት ደግሞ ቁጠባና ቅልጥፍና ነው። ከመካከላቸው ጆርጅ ፍሬድሪክሰን የተባለው ሰው መሥሪያ ቤቱ በደንብ ይሠራል ካላችሁ "ለማን?" ብላችሁ ጠይቁ የሚል ሐሳብ ይዞ ተነሳ። ያ "ለማን" ፍትሐዊነትን የትምህርቱ ምሰሶ እስከማድረግ ደረሰ። ጋሽ ቾክ የጻፉትን ሳነብ እሱ ነው የታወሰኝ። ቀመሩ በደንብ ይሠራል። ለማን?

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ምናልባት ከየብሬል ጣት ጋር እንለያይ ይሆናል። ስም ምንም አይደለም አትበሉ። እዚህ ፍሎሪዳና ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጧቸው ሕጎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የብዝኃነትና የፍትሐዊነት ቢሮዎች ላይ ገደብ ጥለዋል። ሰው በስም ነው የሚጣላው። አገር ቤትም ቢሆን መያድ ውስጥ ሥራ የምትፈልጉ ትራንስክሪፕት ላይ "ጾታ" የሚለው ቃል መኖሩ የሥራ ማስታወቂያውን ማጣሪያ ያሳልፋችኋል። ርዕሰ መምህራችን ግን ሥራ አለው፣ ጥያቄም አለው። እሱ ስም አያስፈልገውም።

በተረፈ እኔን የጠቀመኝ ዘዴ ይሄ ነው። ሁለቱንም ምርጫ ኮርሶች ስወስድ የተርም ፔፐሩን አንድ ዓይነት መረጃ ላይ ሠራሁት። አንዱ የቴሲሴ ሁለተኛ ምዕራፍ ሆነልኝ፣ ሌላው አራተኛ። አንተ መዝገቡ በእጅህ ነው። ለአንዱ ኮርስ የማቋረጡን ቁጥር በወር፣ በጾታና በወላጅ መተዳደሪያ ከፋፍለህ አቅርብ። ለሌላው ደግሞ ለምን እንደሆነ ጻፍበት። ቴሲስህ ሳትጀምረው ግማሽ መንገድ ይሄዳል።

---

ምክትሏ (ረቡዕ ማታ)

ጋሽ ቾክን አከብራለሁ፣ ግን አንድ ነገር ልበል። ፋይናንስ ብሩ የት እንደሄደ ያሳየናል። ማን እንደላከው ግን አያሳየንም። ጋሼ፣ እርስዎ በጀት ሲደለድሉ ጠረጴዛው ዙሪያ ስንት ሴት ነበረች? የውኃና የመጸዳጃ ቤት ወጪ ተቆርጦ ለአጥር ሲሰጥ አይቻለሁ። ወሰኑ የተባሉት ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ሴት ልጅ በወር አበባዋ ጊዜ አራት ቀን የምትቀርበት ምክንያት አጥር ስለሌለ አይደለም።

---

ጋሽ_ቾክ (ሐሙስ ጠዋት)

ልጄ፣ ልክ ነሽ። በቢሮዬ አንዲት ጸሐፊ ነበረች፣ ስብሰባ ላይ ሻይ ይዛ ትገባ ነበር። ሌላ የለም። ከዚህ በላይ አልከራከርሽም።

ግን ወንድምሽ ሁለት ኮርስ ነው የሚመርጠው፣ አንድ አይደለም። አንዱን አንቺ ምረጪለት፣ አንዱን እኔ።

---

ሃይፋ_ነኝ (ሐሙስ ቀን)

ከእስራኤል። በ14 ዓመቴ ከጎንደር ነው የመጣሁት፣ አማርኛዬ ላይ ስሕተት ካለ ይቅርታ። ማኅበራዊ ሥራ ሁለተኛ ዲግሪ ስማር የእኩልነትና የመድልዎ ምርጫ ኮርስ ወሰድኩ። ክፍሉ ውስጥ ኢትዮጵያዊት እኔ ብቻ ነበርኩ። የፓልሞር ኮሚቴን ሪፖርት አነበብን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን፣ የኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ ስለሚደርሰው ዘረኝነት። መምህሩ በየገጹ ወደ እኔ ይዞር ነበር። "አንቺ ምን ትያለሽ?" ተማሪ መሆኔ ቀረና ምሳሌ ሆንኩ። እቤት ሄጄ አለቅስ ነበር።

ይሄን የምለው ለርዕሰ መምህሩ ነው። አንተ ደግሞ ነገ የቀን ሠራተኛውን ልጅ ታጠናለህ። እባክህ ክፍል ውስጥ እጅህን ትከሻው ላይ አድርገህ ምሳሌ አታድርገው። መዝገቡን ስትከፋፍልም የአባቱን ሥራ ሰው ፊት እየጠራህ አትጠይቅ። ለብቻው፣ ወይም ወላጁን።

---

የብሬል_ጣት (ሐሙስ ቀን)

እህቴ፣ "አንተ እንደ ዓይነ ስውር እንዴት ታየዋለህ?" ብሎ የጠየቀኝ መምህር ነበር። "አላየውም" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፣ እሱ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልጠየቀኝም።

---

የምንጃር_ዳይሬክተር (ሐሙስ ማታ)

እሺ፣ ወሬ ላምጣላችሁ።

ዛሬ ዲፓርትመንት ሄድኩ። አውትላይን ስጡኝ ስል ጸሐፊዋ እንደ እብድ አየችኝ። እስካሁን የጠየቀ የለም መሰለኝ። የአራቱን አገኘሁ። የፖሊሲ ትንተና ፋይሉ የለም፣ መምህሩም ገና አልተመደበም። እሱን ከዝርዝሬ ፋቅሁት።

አካታች ትምህርት ልክ ወንድሜ እንዳለው ነው፣ 60 በመቶው የመጨረሻ ፈተና። ብዝኃነትና ግጭትን የሚያስተምረው እንግዳ መምህር ነው፣ ማንነቱን ማንም አያውቅም። ጾታና አመራር ግን 40 በመቶው የመስክ ሥራ ነው። ትምህርት ቤትህ ገብተህ የምታየው፣ የምትመዘግበው። መምህሯንም አገኘኋት። ሰባተኛ ክፍል ላይ ስለሚጠፉት ልጆች ነገርኳት። መዝገብህን በክፍልና በወር ለይተህ ይዘህ ና አለችኝ። ሳልመዘገብ አሳይመንት ሰጠችኝ። ያዝኩት።

ሁለተኛው ፋይናንስ ነው። አውትላይኑ ላይ የበጀት ቀመር አለ፣ የድጎማ አደላደል አለ፣ የራስህን ወረዳ በጀት ተንትን የሚል የቡድን ሥራም አለ። ጋሼ፣ እርስዎ የነገሩኝ ነገር በሙሉ በአንድ ገጽ ተዘርዝሮ አየሁት። ደስታዬ ግን አምስት ደቂቃ ነው የቆየው። ኮርሱ ባለፈው ክረምት አልተከፈተም። 10 ሰው ካልተመዘገበ አንከፍትም አሉኝ። እስከ ዛሬ ማታ የተመዘገበው ስንት ነው? እኔ ብቻ። ሪፓችንን (የክፍል ተወካያችንን) ሳማክረው "ልጆቹ ተስማምተው ጨርሰዋል፣ ጾታና አካታች ነው" አለኝ። ምርጫ ኮርስ ማለት ሪፑ የመረጠው ኮርስ ማለት ነው እንዴ?

---

ዝምታው (ሐሙስ ማታ)

እንግዲህ እንኳን ደህና መጣህ። እኛም እንደዚያው ነው የመረጥነው። የፊርማ ወረቀት አዘጋጅ፣ ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ በጽሑፍ አስገባ። በቃል የጠየቅኸው ተረሳ።

---

ጋሽ_ቾክ (ሐሙስ ማታ)

ሰዎቹን ስታግባባ "ፍትሐዊነት" አትበላቸው። ርዕሰ መምህራን አይደሉ? ድጎማ ቢዘገይ ምን እንደሚሆኑ ጠይቃቸው። የኦዲት ግኝት መጥቶባቸው ያውቅ እንደሆነ ጠይቃቸው። ከዚያ አውትላይኑን አሳያቸው።

---

ቲጂ_ሜሪላንድ (ሐሙስ ማታ)

ጋሽ ቾክ ጡረታ የወጡት በስሕተት ነው።

---

የምንጃር_ዳይሬክተር (ዓርብ ቀን)

ኦዲት የሚለው ቃል ሠራ! ምሳ ሰዓት ላይ ካፌ በር ቆሜ ሰባት ፊርማ ሰበሰብኩ። አንዱ ድጎማው የዘገየበትን ታሪክ ሲነግረኝ ምሳው ቀዘቀዘበት። ከእኔ ጋር ስምንት ነን። ሬጅስትራር 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል።

---

ፈታ_በል (ዓርብ ቀን)

ስማ፣ አንተ የለጠፍከው የኮርስ ዝርዝር እኛ ቦርድ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ሦስተኛው ብሎክ ውስጥ ነህ እንዴ?

---

የምንጃር_ዳይሬክተር (ዓርብ ቀን)

አዎ!! አንተ እዚሁ ነህ?

---

ፈታ_በል (ዓርብ ቀን)

ከሰኞ ጀምሮ ስመክርህ እዚሁ ነበርኩ። ፋይናንሱ ላይ ፈተናው ስንት በመቶ ነው?

---

የምንጃር_ዳይሬክተር (ዓርብ ቀን)

30 ብቻ። ቀሪው የቡድን ሥራና ፔፐር ነው።

---

ፈታ_በል (ዓርብ ቀን)

የቡድን ሥራውን አንተ የምትጽፈው ከሆነ እፈርማለሁ።

---

ምክትሏ (ዓርብ ቀን)

እንዳትጽፍለት!

---

የምንጃር_ዳይሬክተር (ዓርብ ከሰዓት፣ 10፡20)

ፈርሟል። ቡድን ሥራውን በተራ እንጽፋለን ብለን ተስማምተናል፣ ምክትሏ ምስክር ናት። ዘጠኝ ሆነናል። አንድ ሰው ይቀራል። ዶርም ለዶርም እየዞርኩ ነው፣ ስልኬ ቻርጅ ሊያልቅ ነው። ሦስተኛው ብሎክ አካባቢ ያላችሁ፣ ወረቀቱ ኮፒ ቤቱ ጋ ነው፣ ልጅቷን "የፋይናንሱን" ብላችሁ ጠይቋት።